ወዝ መጣጭ ወረቀት

ላይፕዚሽ ኅዳር ሲገባ ብርዱ ቆዳ ይልጣል፤
የሰው ከንፈር ሁሉ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።
ትራም የተሳፈረው እጁን ቅባት ያሻል፤
የእኔ ግንባር ብቻ፣ አሁን ታጥቤው ወጥቼ፣
ሦስት ፌርማታ ሳልሄድ
እንደ ድስት ክዳን ያብለጨልጫል።

ለመታወቂያ ብዬ ፎቶ ሳጥን ገባሁ፣
መጋረጃ ስቤ ቀጥ ብዬ አየሁ።
ብልጭ አለ ማሽኑ፤ «ፊትዎ ያንጸባርቃል፣
እንደገና ይነሡ» ብሎ ያስጠነቅቃል።
በእጅጌዬ ጠረግሁ፤ ብልጭ፤ «እንደገና»።
ስምንት ዩሮ በልቶ፣ ፊት ነሣኝ መኪና።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ የገበያው ጣጣ፤
የከሰል ሳሙና ገዛሁ፣ ገንዳውን አጥቁሮ ከእኔ ምንም ያላወጣ፤
አልኮል ያለበት ውኃ፣ ሲነካኝ የሚለበልብ፣
ጉንጬን እንደ ሽንኩርት ልጦ፣ በማግስቱ ወዜን በእጥፍ የሚያልብ፤
አረንጓዴ ጭቃም ነበር፣ ደርቆ ፊቴን የቀፈደደ፣
ሳቅ ሲያመልጠኝ ተሰንጥቆ፣ ምንጣፉ ላይ የወረደ።
የጸሐይ ክሬሙን ግን አልረሳውም፤
ተቀብቼ ፈረቃ ብገባ፣ ፍስሐዬ እሽጉን ከእጁ ጣለ፤
«ምነው እቴ፣ አመድ ላይ ነው ያደርሽው?» አለ።

በእኛ ቋንቋ ወዝ ሙገሳ ነው።
ወዝ ያለው ሰው አለ፤ ወዝ ያለው ጨዋታ፤
ሕመምተኛ ሲያገግም «ወዙ ተመለሰ» ነው የጎረቤት ሰላምታ።
ሠርቶ የሚበላም ወዝ አደር ነው ስሙ፤
ሌሊቱን ሙሉ በአውሮፕላን ማረፊያው መጋዘን
የሰው ዕቃ ስደረድር፣
እኔ በሁለቱም ፍቺ ወዝ አደር።
ይኼን እንዴት ልንገራት፣ ለመድኃኒት ቤቷ ሴት?
እዚህ ያለው ቃል አንድ ነው፤
የተጠበሰ ቋሊማና የእኔ ፊት የሚጋሩት።

ፍራው ሊንድነር መነጽሯን አውልቃ፣ ወደ መስኮት አዞረችኝ፤
እንደዚያ ሳጥን አይደለም፣ ፊት ሰጥታ አየችኝ።
«በቀን ስንቴ ትታጠቢያለሽ?»
«ስድስቴ» አልኩ፤ ድምፄ አነሰ።
«ታዲያ ምን ያድርግ? አንቺ ባደረቅሽው ቁጥር ነው እሱ የባሰ።
ጠዋትና ማታ ይበቃዋል፣ ለብ ባለ ውኃ፤
ድስት አይደለም፣ አትፈትጊው።»
ሽታ የሌለው፣ አረፋው ስስ፣ ትንሽ ጠርሙስ አወረደች፤
ከጎኑም ጄል፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያሙለጨልጭ።
«ወዛም ቆዳም ውኃ ይጠማዋል» ስትል
በልቤ፣ ይህች ደግሞ ነጋዴ ናት አልኩ።
ሁለቱ አሥራ አራት ዩሮ፤ እስከ ዛሬ ከከሰከስኩት ያነሰ።
«ስድስት ሳምንት ታገሺ።»
ማን ነው ስድስት ሳምንት የታገሠ!
ልወጣ ስል፣ ከመሳቢያዋ፣ ያለ ዋጋ
ወዝ መጣጭ ወረቀት ሰጠችኝ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ቀለሙ የነጋ።

ሁለተኛው ሳምንት ባሰ፤ አገጬ ላይ ብጉር ፈላ፤
ጠርሙሱን ልወረውር መስኮት ከፍቼ ነበር፣
ውጭው በረዶ ሆኖ መለስኩት።
ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ።

ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ትራም ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ፣
በጨለመው መስታወት ራሴን አየሁ።
አበራለሁ፤ አዎ፤
ግን እንደ ድስት ክዳን አይደለም።
እንደ በላ ሰው።

አንዷን ወረቀት ግንባሬ ላይ ለጥፌ አነሣኋት።
ወዜን ጠጥታ ጠርታለች፤ ነጭነቷ ጠፍቷል።
ወደ መስኮቱ ብይዛት፣ በእሷ ውስጥ አልፎ ይታያል፦
የመንገዱ መብራት፣ መዝጊያውን የሚያነሣ ዳቦ ጋጋሪ፣
ብስክሌቱን በበረዶ የሚገፋ ሰው።
አጠገቤ ያሉት አሮጊት፣ የተላጠ እጃቸውን ክሬም ሲያሹ የነበሩት፣
አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ፤
በግንባሬ ቅርጽ በኩል፣ አብረን ከተማውን አየን።
«ታድለሽ» አሉኝ፣ «የኔ ፊት ወረቀት አያረጥብም።»
ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ፎቶ ሳጥኑ ያለበት ፌርማታ ደረሰ።
ስምንት ዩሮ ኪሴ ውስጥ አለ።
አልወረድኩም፤ እንቅልፌ መጥቷል፤
ፎቶው ለነገ ይደርሳል።